የአብዶ የመጨረሻ ሞተር

ሰኪና እስከ አርባዎቹ ዕድሜዋ መጀመሪያ ድረስ እጇ የሚያውቀው መርፌና መቀስ ነበር። አሰላ ገበያው ዳር በነበራት ጠባብ ክፍል የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፣ የሰፋውን ታጠብባለች፣ ያጠረውን ታስረዝማለች። ባሏ አብዶ ደግሞ ከመናኸሪያው ጀርባ ጋራዥ ነበረው። ጋራዡና ቤታቸው አንድ ግቢ ነው፤ በትልቁ በር መኪና ይገባል፣ በጓሮው በር ምሳ ይመጣል።

አብዶ የሞተር ሰው ነው። ወደ በቆጂ፣ ወደ ጮሌ፣ ወደ አርቦዬ የሚመላለሱት ያረጁ ሚኒባሶች ማጨስ ሲጀምሩ፣ ዘይት ሲበሉ፣ ዳገት ሲያቅታቸው እሱ ዘንድ ይመጣሉ። ሌላ መካኒክ “ይሄ አብቅቶለታል፣ ሞተሩን ቀይረው” ያለው ባለመኪና እንኳ አብዶን ሳያሳይ አይቆርጥም። አብዶም የፊት ወንበሩን አንስቶ፣ ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ጥቂት ያዳምጥና “ቆይ እስቲ” ይላል። ይቺ “ቆይ እስቲ” በሾፌሮቹ ዘንድ የታወቀች ነበረች። እሷን ከሰሙ በኋላ እፎይ ብለው ሻይ ሊጠጡ ይሄዳሉ።

መንቀጥቀጡ የጀመረው በቀኝ እጁ አውራ ጣት ነው። መጀመሪያ ብርድ ነው አለ፤ አሰላ መቼም ብርድ አያጣትምና ሰው ሁሉ አመነው። እየቆየ ግን ሻይ ቤት መቀመጥ ተወ። መስጊድ ሲሄድም ከኋላ፣ ከግድግዳው ሥር ሆነ ቦታው። ሰኪና ታያለች፣ ግን አትናገርም። እሱ ያላነሳውን ነገር ማንሳት የገመናውን በር መክፈት መሰላት።

አንድ ቀን ምሳ ይዛ በጓሮው በር ስትገባ አብዶ አንድ መኪና አጠገብ ተንበርክኮ ትንሽ ብሎን ሊያስገባ ይታገላል። ብሎኑ ወደቀ። አነሳው። እንደገና ወደቀ። ሦስተኛውን ጊዜ ሲወድቅ አላነሳውም፤ ግንባሩን ብረቱ ላይ አስደገፈ። መምጣቷን አላየም።

ሰኪና ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረችና ከጎኑ ተንበርክካ ብሎኑን ከአቧራው ላይ አነሳችው።

“በየት በኩል ነው የሚዞረው?” አለችው።

አብዶ ግንባሩን ከብረቱ ላይ አነሳ።

“ወደ ቀኝ። መጀመሪያ በጣትሽ ብቻ። እምቢ ካለሽ አታስገድጂው፣ ጥርሱ ይበላል።”

“ክርም እንደዚያው ነው” አለችና አስገባችው።

ምሳውን በዚያ ቀን አብረው፣ ጋራዡ ውስጥ፣ በተገለበጠ ጎማ ላይ ተቀምጠው በሉ።

ልጃቸው ኢስራ፣ ያኔ አርቦዬ አግብታ ትኖር የነበረችው፣ መጥታ አባቷን ከእናቷ ጋር አዲስ አበባ ወሰደችው። ሐኪሙ ፓርኪንሰን የሚባል የነርቭ በሽታ ነው አለ። መድኃኒቱ ያዘገየዋል እንጂ አያድነውም። ሲመለሱ አብዶ ከአዳማ ወዲህ ቃል አልተነፈሰም። ኢተያን ሲያልፉ ግን በመስኮቱ ወደ ስንዴው እያየ፣ “ጋራዡን ልሽጠው፣ ሰኪ” አላት።

“ቆይ እስቲ” አለችው ሰኪና።

ዞር ብሎ አያት፤ ሳያስበው ሳቀ።

እንዲህ ነው ሰኪና መካኒክ የሆነችው። ሱቋን ዘግታ የልብስ ስፌት መኪናዋን እቤት አስገባች። በቀሚሷ ላይ ሰማያዊ ቱታ ደርባ፣ ሻሿን ወደ ኋላ አጥብቃ አስራ፣ ከባሏ ጋር ጠዋት ትገባለች። እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይነግራታል፣ እሷ ትፈታለች፣ እሷ ትገጥማለች። በመካከላቸው የሚነጋገሩት በኦሮምኛ ነው፤ የብረቶቹ ስም ብቻ አንዳንዱ ጣሊያንኛ፣ አንዳንዱ እንግሊዝኛ። መጀመሪያ ላይ መኪናቸውን ወደ ሌላ ጋራዥ የወሰዱ ነበሩ። “አብዶ ሚስቱን መኪና ሥር አስተኛት” ብሎ ሻይ ቤት የሳቀም አልጠፋም። ሰኪና ሰምታለች። ሞተሮቹ ግን ከእጇ ወጥተው ዳገቱን ሲወጡ፣ ወደ ሌላ የሄዱት ሾፌሮች አንድ በአንድ ተመለሱ።

እጇ እየሠለጠነ ሄደ፤ ጆሮዋም እንደዚያው። አንድ ነገር ብቻ የአብዶ ሆኖ ቀረ። ይጠገን ወይስ ይቀየር የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ባለመኪናው እሷን ቢጠይቃት እንኳ ወደ ወንበሩ ታመለክታለች። ይህን ያደረገችው ስላላወቀች አልነበረም።

የግዛቸው መኪና ጉዳይ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ግዛቸው ከጎጃም በሹፍርና ተመድቦ አሰላ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። አገሩን ለምዶ፣ እዚሁ አግብቶ፣ ኋላ ሥራውን ለቀቀና ሰዉ ዶልፊን የሚላትን የድሮ ሚኒባስ ገዝቶ በበቆጂ መስመር ገባ። አብዶ ገና እጁ ሳይከዳው ለብቻው ከታች እስከ ላይ ፈትቶ የገጠመው የመጨረሻው ሞተር የዚህች መኪና ሞተር ነበር። ሦስቱም ይህን ያውቃሉ። አንዳቸውም አያነሱትም።

ክረምት ነበር። ግዛቸው ከበቆጂ ሰው ሞልቶ ወደ አሰላ ሲመጣ ሳጉሬ ሳይደርስ የሙቀቱ ቀስት ወደ ቀይ ወጣ፤ ከወንበሩ ሥር እንፋሎት ፈነዳ። መኪናዋ ዝናቡ ውስጥ ቆመች። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ ኦብሴ የምትባል ምጥ የያዛት ወጣት ሴት ነበረች፤ ከአማቷ ጋር አሰላ ሆስፒታል እየሄደች ነው። ግዛቸው መንገዱ መሐል ወጥቶ ሁለት እጁን ዘርግቶ አንድ አይሱዙ አስቆመ። ሾፌሩን ለምኖ ጋቢና ውስጥ አስገባቸው። ኦብሴ በሰላም ወለደች፤ ደግነቱ። ግዛቸው ግን መኪናዋን አስጎትቶ ጋራዡ ሲደርስ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

“ጋሽ አብዶ፣ እዚያው መንገድ ላይ ብትወልድስ ኖሮ?” አለ። ወንበር ቢሰጡትም አልተቀመጠም።

“አልሐምዱሊላህ፣ አልወለደችም” አለ አብዶ። “ዘይቱን አሳየኝ።”

ዘይቱ ወተት የገባበት ሻይ መስሏል። ውኃና ዘይት ተቀላቅለዋል ማለት ነው።

“ጓርኒሲዮኑ ነው የተቃጠለው” አለ አብዶ። ጓርኒሲዮን በሞተሩ ክዳንና በታችኛው ብረት መካከል ተኝቶ ውኃና ዘይት እንዳይገናኙ የሚያደርገው ስስ ነገር ነው። “ሰኪና ቴስታታውን ታወርደዋለች፣ አዲስ ጓርኒሲዮን እናለብሰዋለን፣ ትሄዳለህ።”

ቴስታታ የሚሉት ክዳኑን ነው። ሰኪና በማግሥቱ አወረደችው። እውነትም ጓርኒሲዮኑ ተበልቷል። ቴስታታው ግን ቀጥ ያለ ብረት ብታስደግፍበት ብርሃን አያሳልፍም፣ አልተጣመመም። ደስ አላት። አብዶ ለዙህር ሰላት መስጊድ ሄዶ ስለነበር ሥራውን ጨርሳ ልትጠብቀው አሰበችና የታችኛውን ብረት፣ ፒስተኖቹ የሚመላለሱበትን ብሎክ፣ ማጽዳት ጀመረች።

እያጸዳች አንድ ቦታ ጣቷ ቆመ። ለዓይን አይታይም፤ ለጣት ግን የሆነ ነገር አለ። አብዶ ያስተማራትን አደረገች። ቦታውን በነጭ ጋዝ ነከረችው፣ በጨርቅ አደረቀችው፣ ከዚያ የጠመኔ ዱቄት ነሰነሰችበትና ጠበቀች። ነጩ ጠመኔ ላይ ቀስ በቀስ ጥቁር መስመር ብቅ አለ፤ ከሁለተኛው ፒስተን ቤት ተነስቶ ወደ ውኃው መተላለፊያ የሚሄድ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ። ብሎኩ ተሰንጥቋል።

የአብዶ ከዘራ ድምፅ ከደጅ ተሰማ። ሰኪና ለምን እንዳደረገችው እሷም አታውቅም፤ ጨርቁን አነሳችና ጠመኔውን ጠረገችው።

“እንዴት ነው?” አለ አብዶ ሲገባ።

“ቴስታታው ደህና ነው” አለችው። ውሸት አልነበረም።

ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ሌላ መኪና ሥር ሆና አሳለፈች። ግዛቸው መጥቶ “እትዬ ሰኪና፣ እንዴት ሆነች?” ሲላት “ነገ እነግርሃለሁ” ብላ አሰናበተችው። አብዶ በዚያ ቀን ደስተኛ ነበር። ስለዚያ ሞተር፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ እንዴት እንዳጠበቃቸው፣ ሲነሳ የሰጠው ድምፅ እንዴት እንደነበረ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ አፉን ከፍቶ አወራላት። እያዳመጠችው እራት አቀረበች። ጠመኔውን የጠረገችበት እጇ የሌላ ሰው እጅ መሰላት።

ጠዋት ቁርስ ሳይበሉ፣ “አባ ኢስራ፣ ና የማሳይህ ነገር አለ” አለችው።

ወንበሩን ብሎኩ አጠገብ አስጠጋችለት። ነጭ ጋዙን፣ ጨርቁን፣ ጠመኔውን እንደገና እፊቱ ሠራችው። ሁለቱም ጠበቁ። መስመሩ ወጣ።

አብዶ ጣቱን ዘረጋ። ጣቱ ስለሚንቀጠቀጥ መስመሩን ተከትሎ መሄድ አልቻለም፤ ጠመኔው ላይ ግራና ቀኝ ነጥብ ነጥብ አደረገበት።

“ትናንት ነው ያየሽው” አለ።

“ትናንት ነው።”

“እና ዝም አልሽኝ።”

“አዎ። ጠረግሁት። አላስተኛኝም።”

አብዶ ወደ ወትሮው ድምፁ ተመለሰና፣ “ይበየዳል” አለ። “ስንቱን አስበይደናል።”

“አስበይደናል። ከመበየጃው አጠገብ እንደገና ሲሰነጠቅ ግን አይተናል። ያንንም አንተው ነህ ያሳየኸኝ።”

“ይሄ ሌላ ነው። ይሄን እኔ ነኝ የሠራሁት!”

“አውቃለሁ።”

“አታውቂም!” አለ አብዶ። ድምፁ ከፍ ሲል እጁም ባሰበት። “ከዚህ በኋላ አንድ ሞተር አልሠራሁም። አንድ! ይሄ ከወጣ፣ መንገድ ላይ የኔ የሚባል ምን ቀረ?”

አብዶ ከዘራውን ይዞ በጓሮው በር ወደ ቤት ገባ። ምሳ ስትወስድለት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል።

ግዛቸው ሲመጣ ብቻዋን አገኛት። ዛሬ ወደ ወንበሩ አላመለከተችም፤ ወንበሩም ባዶ ነበር።

“ብሎኩ ተሰንጥቋል” አለችው። “መቀየር አለበት።”

ግዛቸው መሬት መሬት እያየ አሰበ። “ጋሽ አብዶ ምን አሉ?”

“ይበየድ አለ።”

“እንግዲያው አስበይደዋለሁ” አለ ግዛቸው ወዲያው። “እትዬ ሰኪና፣ እኔን የሚያሳስበኝ የመኪናዋ መቆም መሄድ አይደለም። እሳቸው እንዳያዝኑብኝ ነው። ተዉት፣ እንሞክረው።”

ሰኪና ዓይኗን እንባ ሞላው፤ ፊቷን ግን አላዞረችም። “አንተ ለእሱ ብለህ ነው፤ እኔም ትናንት ለእሱ ብዬ ነው ጠመኔውን የጠረግሁት” አለችው። “ያቺ ልጅ ግን፣ ኦብሴ፣ ስለ አብዶ ምን ታውቃለች? መኪናው ሲቆም ዝናብ ውስጥ የሚወርደው ተሳፋሪው ነው። እሱም ጤነኛ ቢሆን ኖሮ ‘ቀይር’ ነበር የሚልህ። አሁን የሚናገረው ሕመሙ ነው፣ አብዶ አይደለም።”

ግዛቸው ዕቁብተኞቹን ለምኖ ተራውን አስቀደመ፤ በማግሥቱም አዲስ አበባ ወርዶ ያገለገለ ሞተር መፈለግ ጀመረ። ሰኪና በስልክ ፎቶ እያስላከች፣ ይሄኛውን ተው፣ ያኛውን አገላብጠህ አሳየኝ እያለች ትመርጥለታለች።

አብዶ በእነዚያ ቀናት ወደ ጋራዡ አልመጣም። አይቆጣም፣ አያኮርፍም፤ የሰጠችውን ይበላል፣ መድኃኒቱን ይውጣል። ሰኪና የተፈታውን ሞተር ፓራንኮ በሚሉት የሰንሰለት ማንሻ ሰቅላ ስታወጣ ሰንሰለቱ ሲንኳኳ ቤት ድረስ ይሰማል፤ እሱ ሬዲዮውን ከፍ አደረገው።

አንድ ጠዋት ግን ሳትጠራው በጓሮው በር ብቅ አለ። ቢጃማው ላይ ጃኬት ደርቧል።

“ቴስታታውንስ ምን አደረግሽው?” አላት።

ሰኪና ወደ መደርደሪያው ሥር አመለከተች። በንጹሕ ብርድ ልብስ ቁራጭ ጠቅልላ አስቀምጣዋለች።

“እሱ ምን ሆነ ብዬ እጥለዋለሁ?” አለች።

አብዶ ብርድ ልብሱን አየ፣ እሷን አየ፣ ወንበሩን ጎትቶ ተቀመጠ።

ከአዲስ አበባ የመጣው ሞተር የታችኛው ብረቱ የተጠበቀ ነበር፤ በጠመኔው ተፈትሾ አንድም መስመር አላሳየም። ክዳኑ ግን ሌላ ታሪክ ነበረው። ሰኪና ገልብጣው ቫልቮቹ ላይ ነጭ ጋዝ ብታፈስበት ከሥሩ ይንጠባጠባል። አይዘጋም። አብዶ ከወንበሩ ሆኖ፣ “የኔን አምጪው” አለ።

ብርድ ልብሱን ፈታችና ያንን ቴስታታ በሁለት እንጨት ላይ ገልብጣ አስቀመጠችው። ጋዙን ሞላችበት። ግዛቸውም መጥቶ ነበር፤ ሦስቱም ጎንበስ ብለው ከሥር አዩ። ምንም። ሌላ መኪና ሠርታ ተመልሳ ብታይ አሁንም ከሥሩ ደረቅ ነው። እነዚያን ቫልቮች አብዶ ከዓመታት በፊት በእጁ እያሻሸ ከመቀመጫቸው ጋር ያስማማቸው ነበር፤ በቆጂንና አሰላን ስንት ጊዜ ተመላልሰው፣ ያን ሁሉ ሙቀት ችለው፣ ዛሬም ጠብታ አያሳልፉም።

“ይሄ ይገጠማል” አለች ሰኪና። “ታችኛው ግን ይሄዳል።”

አብዶ ራሱን ነቀነቀ። “ይሂድ” አለ። የተሰነጠቀውን ብሎክ ቁራሌዎች መጥተው በጋሪ ሲወስዱት እሱ ራሱ በሩን ከፈተላቸው።

ቴስታታው በተገጠመ ቀን አብዶ እንደ ድሮው የብሎኖቹን ተራ ይጠራላት ነበር። ክዳኑ እንዳይጣመም ከመሐል ተጀምሮ ወደ ዳር፣ በየተራ ነው የሚጠብቀው። “መሐል። አሁን ፊት ለፊቱ። ወደ ግራሽ።” እሷ ተራውን ካወቀችው ቆይታለች፤ ግን እየጠበቀችው ታጠብቃለች። ግማሽ ላይ ሲደርሱ ድምፁ ጠፋ። የባሰበት መስሏት ቀና አለች። አብዶ እጆቿን እያየ ነው።

“ምነው ዝም አልክ?”

“አልተሳሳትሽም እኮ” አለ። “ለምን እጠራለሁ? ጨርሺው።”

ጨረሰችው።

መኪናዋ በተነሳች ማግሥት ግዛቸው ያለ ተሳፋሪ በቆጂ ድረስ ሊሞክራት ተነሳና ሁለቱን አብረውት እንዲሄዱ ለመናቸው። አብዶ ከከተማው ከወጣ ቆይቶ ነበር። እምቢ ይላል ብላ ሰኪና ስትጠብቅ ጃኬቱን ይዞ ብቅ አለ። በመንገዱ ሁሉ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አዘንብሎ ተቀመጠ። ዳገቱ ሲመጣ ሦስቱም ወሬ አቆሙ። ቀስቱ ከመሐል አልነቃነቅ አለ። ከዳገቱ ራስ ላይ ገብሱ እስከ ተራራው ድረስ አረንጓዴ ሆኖ ተንጣሎ ታያቸው፤ ግዛቸው “እሰይ!” ብሎ መሪውን መታ።

በቆጂ ሲደርሱ የኦብሴ አማት የግዛቸውን መምጣት ሰምተው ቤታችን ሳትገቡ አትሄዱም አሉ። ጭኮ በቅቤ ቀረበ። አሮጊቷ ሕፃኑን አምጥተው አብዶ ጭን ላይ ሊያስቀምጡ ሲሉ አብዶ እጆቹን ወደ ኋላ ሸሸገ።

“እጄ ይንቀጠቀጣል፣ አዴ” አላቸው በኦሮምኛ። “እጥለዋለሁ።”

“ይንቀጥቀጣ!” አሉ አሮጊቷ። “እኛ ቀኑን ሙሉ የምንንጠው አይደለም እንዴ እንዲተኛልን?” አስቀመጡለት፤ ሰኪናም ከጎኑ ተጠግታ በአንድ እጇ ደገፈችው። ሕፃኑ ለጥቂት ጊዜ አየው፣ ከዚያ ዓይኑን ከደነ። ኦብሴ ሳቀች። አብዶ ከዚያ በኋላ ትንፋሹን እንኳ በቀስታ ነበር የሚያወጣው።

ዛሬ ባለመኪናዎች ሲመጡ የሚያናግሩት ሰኪናን ነው። ይጠገናል ካለች ይጠገናል፣ ይቀየር ካለች ይቀየራል፤ አንዳንዴ ከአብዶ ይልቅ ቶሎ “ይቀየር” ትላለች ብለው የሚያሟት አሉ። አብዶ ጥሩ ቀን ሲሆንለት ጋራዥ ይውላል፤ ሲከብደው እቤት ሆኖ ሲመሽ ስለ ሥራው ይጠይቃታል። አንዳንድ ጊዜ ይከራከራታል፣ አንዳንድ ጊዜ ትረታዋለች። ሐሙስ ሐሙስ ግዛቸው የዕለቱን የመጨረሻ ጉዞ ሊያደርግ ሲል በር ላይ ጥሩንባ ይነፋለታል፤ አብዶ ከሾፌሩ ጎን ያለውን ወንበር ይዞ በቆጂ ደርሶ ይመለሳል። ሲመለሱ ብዙውን ጊዜ ራሱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ይተኛል፤ ያን ጊዜ ግዛቸው ሬዲዮውን ያጠፋና ተሳፋሪውን፣ “ቀስ በሉ፣ ሰውዬው ተኝተዋል” ይላል።